ጥቁሩ ስክሪን ከየት መጣ? (ለአንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ያለብኝ ዕዳ)

የዛሬው ረዘም ይላል። ቡና አስፈልታችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ባለፈው ሳምንት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። የዛሬ ስንት ዓመት አስራ አንደኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ናት። «ቲቸር፣ ይቅርታ በዚህ ሰዓት፤ ረበሽኮት?» አለችኝ። ድምጿ ደህና አልነበረም። አዲስ ሥራ ይዛለች፣ ገና የሙከራ ጊዜ ላይ ናት። ለጠዋት ስብሰባ በየከተማው ያለውን ሽያጭ የሚያሳይ ሪፖርት ከመሥሪያ ቤቱ ዳታ ዌርሃውስ አውጥተሽ አምጪ ተብላለች። ሌሎቹ ባልደረቦቿ ባለቀለም ግራፍ የሚሠራ ፕሮግራም አላቸው፣ የእሷ ፈቃድ ገና አልመጣም። «እስከዚያው በኮማንድ ላይን ግቢ» አሏት። ቤቷ መብራት የለም፣ ላፕቶፑ በባትሪ ነው፣ ኢንተርኔቱ ከስልክ ነው።

«ጥቁር ነገር ብቻ ነው ቲቸር፤ ምንም የሚነካ ነገር የለውም። ደግሞ እርሶ ያረጀ ነገር ነው ብለውን ነበር እኮ።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። እውነቷን ነው። ያኔ መጽሐፉ ላይ ስለ ትእዛዝ መስመር አንድ ገጽ ተኩል ነበር። እሷ እጇን አውጥታ «ይሄ ጥቁሩ ምን ያደርጋል?» ስትል፣ «ያረጀ ነገር ነው፣ ፈተና ላይ አይመጣም፣ ዝለሉት» ብዬ አለፍኩ። ለምን እንዳልኩም አውቃለሁ፤ እኔም በደንብ አላውቀውም ነበር። በዲፕሎማ የተመረቀ መምህር የማያውቀውን ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ «አይመጣም» ነው የሚለው። (ዲግሪ ያላቸውም ይላሉ፣ እኔ ግን ስለራሴ ልናገር።)

ስለዚህ ያን ማታ ሦስት ሰዓት ያህል በስልክ አብረን ተቀመጥን። እሷ ትጽፋለች፣ እኔ እሰማለሁ፣ አንዳንዴ እኔም እዚህ ላፕቶፔ ላይ እሞክራለሁ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ያነበብኩትን ሁሉ ሰብስቤ ያን ጊዜ መስጠት የነበረብኝን መልስ እዚህ ልጻፍላት አልኩ። መልሱ ታሪክ ነው።

ጥቁሩ ስክሪን መጀመሪያ ስክሪን አልነበረም፤ ወረቀት ነበር። በፈረንጆቹ 1963 ቴሌታይፕ ሞዴል 33 የሚባል ማሽን ወጣ። ጽሕፈት መኪናና ቴሌግራም ተጋብተው የወለዱት በሉት። አንዱን ፊደል ስትመታው በሽቦ ሄዶ ሌላ ቦታ ይታተማል። ኮምፒውተር ጋ ሲገናኝ፣ አንተ ትጽፋለህ፣ ኮምፒውተሩ እዚያው ወረቀት ላይ ይመልስልሃል። ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ፊደል ነው። ጩኸቱ ደግሞ ክፍል ያስለቅቃል። በ1969 ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ቤል ላብስ ውስጥ ዩኒክስን ሲጀምሩ የሚሠሩት በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ ነው። የዩኒክስ ትእዛዞች ሁለት ሦስት ፊደል ብቻ የሆኑት ለምንድን ነው ብላችሁ ታውቃላችሁ? ቁልፉ ከባድ፣ ማተሚያው ቀርፋፋ ሲሆን ረጅም ስም የሚያወጣ ማን አለ! ዛሬም ሊኑክስ ውስጥ መስኮቱ የሚጠራበት «ቲቲዋይ» የሚል ስም የቴሌታይፕ ምህጻረ ቃል ነው። ማሽኑ ሙዚየም ገባ፣ ስሙ ቀረ።

ቀጥሎ መስታወት መጣ። በ1978 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው ኩባንያ ቪቲ100ን አወጣ፤ 24 መስመር፣ በአንድ መስመር 80 ፊደል። 80 ከየት መጣ? አይቢኤም በ1928 ካወጣው ባለ 80 ዓምድ የካርቶን ካርድ። ልጅቷ ያን ማታ ያየችው መስኮት የቪቲ100 አስመሳይ ነው። ላፕቶፗ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ራሱን እንደ 1978ቱ ዕቃ አድርጎ ነው የሚያቀርበው። ስለዚህ «ያረጀ» ማለቴ ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም፤ «ዝለሉት» ማለቴ ነው ጥፋቱ።

አሁን ወደ ማታው ልመለስ። የጻፈችው ትእዛዝ ፒኤስኪውኤል ይባላል። አራት ነገር ትነግረዋለህ፤ የሰርቨሩን አድራሻ፣ የበሩን ቁጥር፣ የተጠቃሚ ስም፣ የዳታቤዙን ስም። የበሩ ቁጥር 5439 ነበር። ጻፈች፣ ኢንተር ነካች፣ ዝም። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ ከዚያ ጊዜው አልቋል የሚል መልእክት።

እሷ «ፓስወርዴ ስህተት ነው መሰለኝ» አለች። አይደለም አልኳት። ይሄን አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ፓስወርድ ስህተት ቢሆን ሰርቨሩ ይናገራል፣ ይቆጣል። ዝምታ ግን ሌላ ነው፤ በሩን ጭራሽ አላንኳኳሽም ማለት ነው። መንገድ ላይ ዘበኛ አለ፣ ፋየርዎል የሚሉት፣ የማያውቀውን አድራሻ መልስ እንኳን ሳይሰጥ ይጥላል። ለካ መብራት ሲጠፋ ከቤቱ ዋይፋይ ወደ ስልኳ ስትቀይር ቪፒኤኑ ተቋርጧል። መልሳ አበራችው፣ እንደገና ሞከረች፣ ፓስወርድ ጠየቃት። «ጠየቀኝ ቲቸር!» ያለችበትን ድምፅ ብትሰሙት ደመወዝ የገባላት ነው የሚመስለው።

ከገባች በኋላ ግን ማስጠንቀቂያ መጣ። የእሷ ፒኤስኪውኤል አዲስ ነው፣ ሰርቨሩ ግን ስሪት 8.0 ነኝ ይላል፣ አንዳንድ ነገር ላይሠራ ይችላል። ደነገጠች። ሙሉውን ስሪት ጠይቂው አልኳት። መልሱን እያነበበችልኝ እኔም ደነገጥኩ፤ ፖስትግሬስኪውኤል 8.0.2፣ ከዚያ የተጠናቀረበት የጂሲሲ ቀን፣ ጥቅምት 17 ቀን 2004፣ በመጨረሻ ደግሞ «ሬድሺፍት» የሚል ቃል። ክላውድ ላይ ያለ፣ በየወሩ ውድ ሂሳብ የሚከፈልበት መጋዘን ራሱን በ2005 በወጣ ስሪት ስም ይጠራል። ያኔ እኔ ራሴ ተማሪ ነበርኩ!

ይሄ ጉድ የሚገባን ከሌላኛው ጫፍ ስንጀምር ነው።

በ1970 ኤድጋር ኮድ የተባለ እንግሊዝ አገር የተወለደ የአይቢኤም ተመራማሪ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ሐሳቡ ሲጠቃለል፣ መረጃን በሠንጠረዥ አስቀምጡት፣ ተጠቃሚው የሚፈልገውን ይናገር፣ እንዴት እንደሚገኝ ማሽኑ ይጨነቅ። እስከዚያ ድረስ ፕሮግራመሩ ራሱ ነበር ከመዝገብ ወደ መዝገብ መንገዱን እየጠቆመ የሚሄደው። አይቢኤም ውስጥ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ በ1974 ለዚህ ሐሳብ ቋንቋ አወጡለት፤ ሲኩዌል አሉት። ስሙ በንግድ ምልክት ምክንያት በኋላ አጥሮ ኤስኪውኤል ሆነ። ቦይስ በዚያው ዓመት ገና ወጣት ሳለ አረፈ፤ ቋንቋው ዓለምን ሲያዳርስ አላየም። እነዚህ ሰዎች ቋንቋውን ያሰቡት ፕሮግራመር ላልሆነ ሰው ነበር። ለእኔ ተማሪ ዓይነት ሰው ማለት ነው።

አይቢኤም የራሱን ሰው ሐሳብ ወደ ገበያ ለማውጣት ሲያመነታ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ስቶንብሬከርና ዩጂን ዎንግ የኮድን ጽሑፍ አንብበው ኢንግረስ የሚባል ዳታቤዝ መሥራት ጀመሩ። ስቶንብሬከር በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የእሱን ተከታይ ጀመረ፣ ስሙም ከኢንግረስ በኋላ ለማለት ፖስትግሬስ። ይሄኛው ኤስኪውኤል አይናገርም ነበር፤ የራሱ ቋንቋ ነበረው። በ1994 አንድሩ ዩና ጆሊ ቼን የሚባሉ ሁለት የበርክሌይ ተማሪዎች ናቸው ኤስኪውኤልን የሰጡት። ከዚያ ጋር አንድ ትንሽ ፕሮግራም አብሮ ወጣ፤ ከሰርቨሩ ጋር በጽሑፍ የሚያነጋግር፣ የላይኛውን ቀስት ስትነካ ቀድሞ የጻፍከውን የሚያመጣ። ስሙ ፒኤስኪውኤል። የእኔ ልጅ መብራት በሌለበት ቤት በባትሪ የከፈተችው እሱን ነው።

(ቅንፍ ልክፈት። ሁለት ተማሪዎች ናቸው ይሄን የሠሩት። እኛ ጋ ተማሪ ለፕሮጀክት የሚሠራው ነገር ከተመዘነ በኋላ መጋዘን ገብቶ አቧራ ይለብሳል። ቅንፍ ልዝጋ፣ ካልተዘጋ ረጅም ነው።)

ዳታ ዌርሃውስ ደግሞ የተለየ ጉዳይ ነው፣ በሌላ መንገድ ነው የመጣው። ሱቅ አስቡ። የዕለት ሽያጭ የሚመዘገብበት ደብተር አለ፤ ባለሱቁ ደንበኛ እያስተናገደ ይጽፍበታል። አሁን አንድ ሰው መጥቶ «የሦስት ዓመት ሽያጭህን በየከተማው ደምርልኝ» ቢለውና ደብተሩን ቢቀማው ሱቁ ይቆማል። መፍትሔው ማታ ማታ ደብተሩን ገልብጦ ሌላ ቤት ማስቀመጥ ነው፤ የሚደምር ሰው እዚያ ሄዶ ይደምር። በ1988 የአይቢኤሞቹ ባሪ ዴቭሊንና ፖል መርፊ ይሄንን አሠራር በጽሑፍ አስቀመጡት፣ የንግድ ዳታ ዌርሃውስ ብለው። ቢል ኢንመን በ1992 መጽሐፍ ጻፈበት፣ ቃሉም ተለመደ።

ሥራው ግን ከቃሉ ይቀድማል። ቴራዳታ የሚባል ኩባንያ በ1979 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመሠረተ። ስሙ ምኞት ነው፤ ቴራ ማለት ከ1 በኋላ 12 ዜሮ። የመጀመሪያ ማሽናቸውንም 1012 ብለው ጠሩት፣ አሥር ሲባዛ አሥራ ሁለት ጊዜ ለማለት። በ1983 ለሙከራ ዌልስ ፋርጎ ባንክ አስገቡት። ብልሃቱ ሥራውን ለብዙ ትንንሽ ማሽኖች ማከፋፈል ነበር፤ እንደ ደቦ በሉት፣ ማሳው ይከፋፈላል፣ ሁሉም የራሱን ያጭዳል፣ አንዱ ይሰበስባል። አንድ ቴራባይት የሞላው ሥርዓታቸው ዋልማርት ውስጥ ሥራ የጀመረው በ1992 ነው። ዛሬ አንድ ቴራባይት ኪስ ውስጥ ይገባል። ቴራዳታም የራሱ ባለጥቁር መስኮት ክላየንት አለው፣ ቢቴክ ይሉታል፤ እስካሁን ሌሊት ሌሊት የባንክ ሪፖርት የሚያወጣ ሰው ያውቀዋል።

ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙት እዚህ ነው። ፖስትግሬስ ነጻ ስለሆነ፣ ማንም ወስዶ መቀየር ስለሚችል፣ የመጋዘን ኩባንያዎች ከባዶ ከመጀመር እሱን ወስደው ሆዱን ቀየሩት። ግሪንፕለም አንዱ ነው። ፓርአክሴል ሌላው ነው። አማዞን ደግሞ የፓርአክሴልን ቴክኖሎጂ በፈቃድ ወስዶ በኅዳር 2012 ሬድሺፍትን አስተዋወቀ፤ ለአንድ ቴራባይት በዓመት ከ1000 ዶላር በታች ብሎ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ መጋዘን ለትልልቅ ባንኮችና መደብሮች ብቻ ስለነበር ዋጋው ብዙ ሰው አስደንግጧል። በ2013 ፓርአክሴልን ራሱን አክቲያን የሚባል ኩባንያ ገዛው። አክቲያን ማን ነው? ከሁለት ዓመት በፊት ስሙ ኢንግረስ ኮርፖሬሽን የነበረው! የልጅ ልጁ ዞሮ አያቱ ቤት ገባ።

ስለዚህ ሰርቨሩ «8.0.2 ነኝ» ሲል የሚነግርሽ የዘር ሐረጉን ነው። ውስጡ በጣም ተቀይሯል። ደጁ ላይ ግን የድሮውን የፖስትግሬስ ሰላምታ ነው የሚለዋወጠው፣ ለዚህም ነው ለፖስትግሬስ የተሠራ ትንሽ ፕሮግራም ሄዶ የሚያንኳኳበት። የበሩን ቁጥር ብቻ ከፖስትግሬሱ 5432 ወደ 5439 ለውጠዋል።

ይሄን ስነግራት «ቲቸር፣ ባትሪዬ 40 ፐርሰንት ነው» አለችኝ። ልክ ናት።

የመጀመሪያውን ጥያቄዋን ጻፈች፣ ኢንተር አለች፣ ምንም። እንደገና ኢንተር፣ ምንም። መስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለችውን ምልክት አንብቢልኝ አልኳት። መጀመሪያ የእኩል ምልክት ነበረች፣ አሁን ሰረዝ ሆናለች። በቃ! ሰረዝ ማለት «ቀጥዪ፣ ገና አልጨረስሽም» ማለት ነው። ነጠላ ሰረዝ ከነነጥቧ፣ ሴሚኮለን፣ ረስታለች። ይህቺን ምልክት እኔም ስጀምር ስንት ማታ አስቀምጣኛለች መሰላችሁ፤ ኮምፒውተሩ እኔን ይጠብቃል፣ እኔ ኮምፒውተሩን እጠብቃለሁ።

ሴሚኮለኗን ጨመረች፤ አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ። የጻፈችው «ከሽያጭ ሠንጠረዥ ሁሉንም አምጣ» ነው። ፒኤስኪውኤል ካልተነገረው በቀር ውጤቱን ሙሉ በሙሉ ተቀብሎ፣ ሜሞሪ ውስጥ አስቀምጦ ነው የሚያሳየው። የስልኳ ዳታ እየተበላ ነው። ኮንትሮል ሲ! አልኩ ጮኬ፣ ሚስቴ ከመኝታ ቤት «ምን ሆንክ?» እስክትል። ቆመ።

እዚህ ላይ የመጋዘኑ ሆድ ከደብተሩ የሚለይበት ነገር አለ። ተራ ዳታቤዝ አንድን ሽያጭ ከነዝርዝሩ በአንድ ረድፍ ያስቀምጣል። ሬድሺፍት ግን ዓምድ በዓምድ ነው የሚያስቀምጠው፤ ከተማ ሁሉ አንድ ላይ፣ ዋጋ ሁሉ አንድ ላይ። ከተማና ዋጋ ብቻ ከጠየቅሽው ሌላውን አይነካም፣ ቶሎ ይመልሳል። «ሁሉንም» ስትይው ግን ያን ጥቅም ራስሽ ታጠፊዋለሽ። ከተማውንና የዋጋውን ድምር ብቻ ጠየቀች። መልሱ በጥቂት ሰከንድ መጣ፤ ሃያ ምናምን መስመር ጽሑፍ፣ ከአንድ ፎቶ በብዙ ያነሰ ዳታ። ደካማ ኢንተርኔት ላለበት አገር ይሄ ቀልድ አይደለም።

ሪፖርቱ አለቀ ብለን ልንዘጋ ነበር። ከዚያ እሷ ዝም አለች።

«ቲቸር፣ ደብረ የምትባል ከተማ አለች እንዴ?»

«ደብረ ምን?»

«ደብረ ብቻ። አርባ የምትባልም አለች። ደግሞ አዲስ።»

እኔ መጀመሪያ የሳቅኩ መሰለኝ። እሷ አልሳቀችም። የደብረ ድምር ከጎንደርም ከሐዋሳም ይበልጣል። ዝርዝሩ ውስጥ ደብረ ብርሃን የለም፣ ደብረ ማርቆስ የለም፣ ደብረ ታቦር የለም። ድሬዳዋ ግን ሙሉዋን አለች።

የሠንጠረዡን ዝርዝር አወጣች። የከተማ ዓምድ ቫርቻር 12 ይላል። አሥራ ሁለት ፊደል ለደብረ ብርሃን ይተርፋል፤ ቁጠሩት፣ ከነክፍተቱ ስምንት ነው። ታዲያ ምን ቆረጠው?

መልሱ ከዚያው ታሪክ ውስጥ ነው። በፖስትግሬስ 12 ማለት 12 ፊደል ማለት ነው። በሬድሺፍት ግን 12 ማለት 12 ባይት ነው። ቃሉ ከአባት የተወረሰ ነው፣ ትርጉሙ ግን ተቀይሯል። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ እነሱ ልዩነቱን ብዙም አያዩትም። የእኛ ፊደል ግን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ የተሰጠው ቦታ በዩቲኤፍ ስምንት እያንዳንዱ ሦስት ባይት እንዲይዝ ያደርገዋል። ድሬዳዋ አራት ፊደል፣ አራት ጊዜ ሦስት አሥራ ሁለት፣ ልክ ገባች። ደብረ ብርሃን፤ «ደብረ» ዘጠኝ፣ ክፍተቱ አንድ፣ አሥር ሆነ፤ ቀጣዩ «ብ» ሦስት ይፈልጋል፣ የቀረው ሁለት ነው፣ አይገባም። ደብረ ማርቆስም እንደዚያው፣ ደብረ ታቦርም እንደዚያው። አርባ ምንጭ አርባ ሆነች።

አንድ ሰው የደብተሩን ሠንጠረዥ ቅርጽ እንዳለ ገልብጦ መጋዘኑ ውስጥ ሠርቷል። ሲጭን ደግሞ ረዘም ያለውን ቁረጠው የሚል አማራጭ ጨምሯል፤ ያ ባይኖር ኖሮ ሬድሺፍት በጊዜው ስህተት ብሎ ይጮህ ነበር። ሦስት ከተሞች በአንድ ስም ተደምረው ስንት ወር እንደቆዩ እግዜር ይወቅ። በግራፉ ላይ ግን ይታይ ነበር፣ ጠየቀቻቸው በኋላ። ሁሉም «ደብረ» የምትለውን ዘንግ አይተዋታል፤ ቦታ ስለጠበበ ግራፉ ስሙን ያሳጠረው ነበር የመሰላቸው።

እንዳትረሱ፣ ይሄ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። በየከተማው ያሉ የሽያጭ ሠራተኞች ጉርሻ የሚሰላው ከዚሁ ሪፖርት ነው። ደብረ ታቦር ያለ ሰው የሠራው ከደብረ ብርሃን ጋር ተደባልቆ ነበር።

እሷ ስሞቹን ማስተካከል አትችልም፣ ፈቃዱ የላትም። የተቆረጠውም ቃል ከመጋዘኑ ውስጥ ተመልሶ አይገኝም፤ ዓምዱን አስፍቶ ከደብተሩ እንደገና መጫን ያስፈልጋል። እና ምን ትላለች? ገና ሁለተኛ ወሯ ነው፣ ጠዋት ስብሰባ ገብታ «የእናንተ ቁጥር ስህተት ነው» ልትል ነው? ይሄንን ነው የጠየቀችኝ። እኔም ቶሎ መልስ አልነበረኝም። በመጨረሻ ያልኳት፣ ሪፖርቱን እንዳለ ላኪው፣ ከሥሩ ግን ያየሽውን ጻፊ፣ ስድብ የለበትም፣ ቁጥሩን ብቻ፤ የየቃሉን ባይት ቆጥረሽ አሳዪ።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ባትሪው 6 ፐርሰንት ሲቀረው ላከችው። ከፕሮግራሙ መውጫው ምን ነበር አለችኝ። ባክስላሽ ኪው።

በማግስቱ ከሰዓት ቴክስት ላከችልኝ፤ «ዓምዱን ወደ 150 አሰፉት፣ ዛሬ ማታ እንደገና ይጭናሉ። አለቃዬ ማን አሳየሽ አለኝ። አስተማሪዬ አልኩት።» የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ገና ሦስት ሳምንት ይቀራል።

ያቺን ገጽ ተኩል ሰኞ ለአስራ አንደኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ። ላብ ውስጥ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ዘጠኝ ናቸው፣ ተማሪው ስልሳ ሁለት። በየተራ ነው። ፖስትግሬስ ስለሚጫን ለአሮጌ ማሽን አይከብድም። የመጀመሪያው ሠንጠረዣችን የከተማ ስም ነው፤ ከፊት ወንበር የተቀመጠ አንድ ልጅ ገና ሳልጨርስ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለኝ።

ይመጣል አልኩት።